ከመሰረዙ በፊት ይነበብ

ኤልዳና በመዝገብ ስረዛ ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ሰብሳቢ ሆና ስትቀጠር መጀመሪያ ያሠለጠኑት ድምፅዋን ነው። አንድ ሰው ድሮ በቡድን መወያያ ላይ የጻፈውን ለማሰረዝ ሲያመለክት ውይይቱ ከነመልሶቹ አንድ ላይ ይነሣል እንጂ ከመሀል አንድ መልእክት ብቻ አይነቀልም። ስለዚህ በውይይቱ የጻፉት ሁሉ፣ የሞቱትም በወራሾቻቸው በኩል፣ ፈቃዳቸውን ይጠየቃሉ። ከመፈረማቸው በፊት ደግሞ ውይይቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ተብሎ ይነበብላቸዋል። ሳይነበብ የሚሰረዝ ነገር የለም። አንባቢዋ ስድቡንም ምርቃቱንም በአንድ ድምፅ ታነባለች፤ አትቆጣም፣ አትስቅም፣ አታለቅስም። የሚስቅ ፊት ከመጣ «የሚስቅ ፊት» ትላለች። ሦስት ከሆኑ «ሦስት የሚስቁ ፊቶች»።

በዚህ ሥራ ኮምቦልቻ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ቆይታለች። በ2083 ዓ.ም. በከተማው እንደ እሷ ያሉ ሃያ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ሥራው ግን ለመቶ ሰው የሚበቃ ነበር። ሥራ የሚፈልግ፣ ቤት የሚከራይ፣ ኮሌጅ የሚገባ፣ ልጁን የሚድር ሁሉ መጀመሪያ የቤተሰቡ ንባብ ይወጣለታል። ንባቡ የእሱን፣ የወላጆቹንና የአያቶቹን የድሮ ጽሑፍ አገላብጦ አንድ ቁጥር ይሰጣል። ሰዎች በታክሲ ውስጥ «ንባቧ ወጣ?» ይባባላሉ፤ ልክ ድሮ «ውጤቷ መጣ?» ይባል እንደነበረው። ስለዚህም በመወያያዎቹ ላይ አሁን ማንም ምንም አይጽፍም። የኤልዳና የሰፈር መወያያ ሦስት መቶ አባላት አሉት። ዓመቱን ሙሉ የተጻፈበት «እንኳን ደስ አላችሁ»፣ «ነፍስ ይማር» እና «አሜን» ብቻ ነው። የሚነጋገሩት ነገር ያላቸው ሰዎች ጫማቸውን አድርገው እቤት ድረስ ይሄዳሉ።

በጥቅምት ወር መጀመሪያ የአቶ ሮቤል ማመልከቻ ደረሳት። ደንቡ አንባቢዋ ፋይሉን አስቀድማ እንዳታነብ ይከለክላል፤ ድምፅዋ ሳይዘጋጅ እንዲወጣ ነው የሚባለው። እሷም ሳታነበው፣ መዝገቡ የሚነበብበትንና የሚፈረምበትን ሰሌዳ በቦርሳዋ ይዛ ሹፌር በሌለው ባጃጅ ወደ ቤቱ ሄደች።

አቶ ሮቤል የሰባ ሰባት ዓመት ሰው ነው። ለዓመታት የስድስት ቁጥር ሰፈር የውሃ ማኅበር መርማሪ ነበር። ረጅም፣ አንገቱ የቀጠነ፣ ሸሚዙን እስከ ላይኛው ቁልፍ የሚቆልፍ ሽማግሌ ነው። ወንበር ሳብ አድርጎ ሰጣትና ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«ለራሴ አይደለም ልጄ» አላት። «እኔማ ምን ቀረኝ። የልጄ ልጅ ቢታንያ ነርስነት ጨርሳ ሆስፒታሉ ሊቀጥራት ንባቧን ጠየቀ። በእኔ ምክንያት ወደቀች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ በዚያን ጊዜ አልተወለደችም።»

«ይገባኛል ጋሽ ሮቤል። አሁን ላንብብልዎት፤ መሀል ላይ እንዳያቋርጡኝ።»

ከሠላሳ አራት ዓመት በፊት በ«ስድስት ቁጥር ሰፈር» መወያያ ላይ በአንድ ቀን የተጻፉ ሃያ ስድስት መልእክቶች ነበሩ። የመጀመሪያውን የጻፈችው ረውዳ የምትባል ሴት ናት።

«ሰላም ለሁላችሁም። የቦኖው ውሃ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሌላ ሽታ አለው። ሒክማዬ ሌሊቱን ስታስመልስ አደረች። ሌላ ልጁ የታመመበት ሰው አለ?»

ኤልዳና እንደ ልማዷ ቀጠለች። «አንቺ ደግሞ ሁሌ ሽታ ነው።» «ትናንት ምን አብልተሻት ነው?» «አምስት የሚስቁ ፊቶች።» «ቧንቧ ከሌለም ታለቅሳላችሁ፣ ሲመጣም ታለቅሳላችሁ።» ከዚያ አሥራ ሦስተኛው መልእክት፣ የሮቤል፦

«ውሃውን ዛሬ ጠዋት መርምሬዋለሁ። ንጹሕ ነው። ሳትሰጉ ጠጡ። ሰው የሚያሸብር ወሬ ከዚህ መወያያ ይወገድ።»

ሽማግሌው ዓይኑን ጨፈነ። ኤልዳና አሥራ አራተኛውን አነሣች።

«ከናኦል እናት» አለችና ድምፅዋ ቆመ።

የጻፉት ሰዎች ብዙዎቹ በልጆቻቸው ስም ነበር በመወያያው የሚታወቁት። ናኦል የኤልዳና ታናሽ ወንድም ነበር። በአምስት ዓመቱ፣ እሷ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እያለች፣ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ሞተ። በሰፈሩ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሰባት ሕፃናት አልቀዋል። ምክንያቱ የታወቀው ቆይቶ ነው፤ ከላይኛው መንገድ አንድ ቦቴ ተገልብጦ የጫነው ኬሚካል ወደ ጉድጓዱ ሰርጎ ነበር። እናቷ ሄርሜላ ከዚያ በኋላ እስክትሞት ድረስ ስልክ በእጇ አልያዘችም። ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም፤ ኤልዳናም ሐዘን ነው ብላ ነበር የምታስበው።

«ምነው?» አለ ሮቤል ዓይኑን ገልጦ።

«ምንም። ጉሮሮዬ ነው።» ቀጠለች። «‹እግዜር ይስጥልን ጋሽ ሮቤል። ረውዳ፣ ሰው አታስደንግጪ። እኔ ልጆቼን ከጠዋት ጀምሮ እሱኑ እያጠጣሁ ነው፤ ምንም አልሆኑም። በአንቺ ፍርሃት ሰፈሩን አታውኪው።›»

የቀሩትን አሥራ ሁለት መልእክቶች እንዴት እንዳነበበች አታስታውስም። የመጨረሻው እንደገና የረውዳ ነበር።

«እሺ። ይቅርታ አድርጉልኝ፤ የልጅ ነገር ሆኖብኝ ፈርቼ ነው። አሁን ከእሱው ሰጥቻታለሁ። ተኝታለች።»

ከዚያ በኋላ በዚያ ውይይት ላይ የጻፈ የለም።

ሮቤል ለመፈረም አውራ ጣቱን በሰሌዳው ላይ አሳረፈና «ሄርሜላ ነበረች ያቺ» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። «ደግ ሴት ነበረች። ልጇ ከሰባቱ አንዱ ነው።»

ኤልዳና ልጇ መሆኗን አልነገረችውም። የጽሕፈት ቤቱ ደንብ ዘመድዋ ያለበትን ውይይት አንባቢዋ በዚያኑ ዕለት እንድትመልስ ያዛል። እሷ ግን ሰሌዳዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወጣች፤ በማግሥቱም ለአለቃዋ አልተናገረችም። የሴት ልጇ የኖላዊት ንባብ ከሁለት ወር በኋላ ሊወጣ ነው። ኖላዊት አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ጤና ኮሌጅ መግባት ትፈልጋለች። አያቷ ሄርሜላ በንባቡ ውስጥ ትቆጠራለች። ኤልዳና ፋይሉን ከመለሰች ወደ ሌላ አንባቢ ይተላለፋል፣ ተራ ይጠብቃል፣ ዓመት ይፈጃል። ራሷ ይዛው ከሄደች በስድስት ሳምንት ያልቃል።

የራሷን ድርሻ እቤቷ ጨረሰችው። ኖላዊት ትምህርት ቤት ሳለች በሩን ዘጋች፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ወራሽ እንደመሆኗ ለራሷ ሃያ ስድስቱንም ጮክ ብላ አነበበች። የእናቷን መልእክት ሁለት ጊዜ ጀምራ ሁለት ጊዜ አቋረጠች። በሦስተኛው ጨረሰችውና ፈረመች።

ከዚያ የሌሎቹን ፈቃድ ለመሰብሰብ ወጣች። ውይይቱ ላይ የጻፉት አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ፤ ከእነሱ አሥራ አንዱ በሕይወት አሉ። «አንቺ ደግሞ ሁሌ ሽታ ነው» ብሎ የጻፈው ሰው አሁን ጆሮው የከበደ ሽማግሌ ነው፤ እንድትደግምለት ሦስት ጊዜ ጠየቃት፣ በሦስተኛው ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና ጣቱን ብቻ ዘረጋላት። አምስት የሚስቁ ፊቶች የላከችው ሴት ሞታለች። ልጇ በስልክ መሸጫ ሱቁ በራፍ ላይ ቆሞ «ፊትም ይቆጠራል እንዴ?» አለና እየሳቀ ፈረመ፤ ኤልዳና መንገዱን ተሻግራ ዞር ብላ ስታይ አሁንም በራፉ ላይ ቆሞ ነበር፣ መሳቁን ግን ትቷል። አንዷ አሮጊት ገና የረውዳን ስም ስትሰማ «አውቄዋለሁ፤ አታንብቢልኝ» ብላ ለመነቻት። ኤልዳና ደንቡን ነገረቻትና አነበበችላት።

በኅዳር አጋማሽ አሥራ ስምንቱ ፈርመው አንድ ሰው ብቻ ቀረ።

ረውዳ ቤቷ ከስድስት ቁጥር ወጣ ብሎ አቀበቱ ላይ ነው። ስልሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ከእሷ ጋር ታላቅ እህቷ ብቻ አለች። ኤልዳናን ስታያት በር ላይ ሰሌዳዋን ሳታስወጣት አስገባቻት።

«ከጽሕፈት ቤቱ ነሽ። ወሬው ቀድሞሽ መጥቷል። ቁጭ በይ።»

«እትዬ ረውዳ፣ ሳነብ እንዳያቋርጡኝ እጠይቃለሁ።»

«አላቋርጥሽም። አንቺም አታቋርጪ።»

አነበበችላት። ረውዳ እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሰማች። የሮቤል መልእክት ሲነበብ አልተንቀሳቀሰችም፤ የናኦል እናት ስትባል ግን ቀና ብላ የኤልዳናን ፊት አየች። የራሷ የመጨረሻ ቃል ሲመጣ ከንፈሯ አብሮ ተንቀሳቀሰ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በቃሏ ይዛው ኖራለች።

ኤልዳና ስትጨርስ ሴትዮዋ «የሄርሜላ ልጅ ነሽ» አለች። ጥያቄ አልነበረም።

«እንዴት አወቁኝ?»

«ስሟ ጋ ስትደርሺ ትንፋሽሽን ዋጥ አደረግሽ።»

ኤልዳና አንገቷን ደፋች። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው የሚላትን አስቀድማ ፈራች። «ስለ እናቴ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ» አለች።

«ተይ እንጂ። አብሽሪ።» ረውዳ እጇን አወዛወዘች። «እናትሽን እኔ ነኝ የማውቃት። ሒክማ ከተቀበረች በማግሥቱ መጣች። የራሷን ልጅ ከቀበረች ገና ሦስተኛ ቀኗ ነው። ከላይ ከምንጩ በጀርባዋ ውሃ ተሸክማ መጥታ ደጄ ላይ አስቀመጠች። ቃል አልተናገረችም። እኔም አልተናገርኳትም። በማግሥቱም መጣች። ዝናቡ እስኪገባና አዲስ ጉድጓድ እስኪቆፈር ድረስ ሰባት ወር ሙሉ አመላለሰችልኝ። ይህ መዝገባችሁ ላይ አለ?»

«የለም።»

«አይኖርም። አልጻፈችውማ።»

ከጓዳ የእህቷ ሳል ተሰማ። ረውዳ እስኪያበቃ ጠበቀች።

«እና ይሰረዝ ብዬ ልፈርም?» አለች። «ሮቤል ላይ ቂም የለኝም፤ አላህ ያውቃል። የልጅ ልጁም ብትቀጠር ደስ ይለኛል። ደግሞ ያቺ የመጨረሻዋ... ይቅርታ ያልኩባት። ያቺ ብትጠፋልኝ ነፍሴን በሰጠሁ። ልጄ በእጄ ላይ እየሞተች ሰው እንዳይቆጣኝ ይቅርታ ጠይቄ፣ ውሃውን በእጄ አጠጣኋት። ያቺን ብቻዋን ማጥፋት ትችያለሽ?»

«አይቻልም እትዬ። ወይ ሁሉም ነው ወይ ምንም።»

«አውቄ ነው የጠየቅኩሽ» አለች ረውዳ። «ሒክማ ፎቶ የላትም። የዚያን ዘመን ስልኬ ተበላሽቶ ከእሱ ጋር ጠፋ። ሦስት ዓመቷ ስለነበር ትምህርት ቤት አልገባች፣ መታወቂያ የላት። ‹ሒክማዬ› ተብሎ በዓለም ላይ የተጻፈው እዚያ ብቻ ነው። እሱ ከጠፋ እኔ ስሞት እሷም አልተወለደችም ማለት ነው። አልፈርምም ልጄ። ይቅርታዬም አብሮ ይቀመጥ፤ ሰው ይየው።»

ኤልዳና እንደ ደንቡ ቀሪውን ነገረቻት። አንድ ሰው ብቻ እምቢ ካለ ጽሕፈት ቤቱ የብዙኃኑን ፈቃድ አይቶ መሰረዝ ይችላል። ሁለት ሰው እምቢ ካለ ብቻ ነው ውይይቱ የሚቀመጠው።

«ስንቱ ፈርሟል?»

«አሥራ ስምንቱም።»

ረውዳ አንቺስ ብላ አልጠየቀቻትም። እበር ድረስ ሸኘቻት፣ አቀበቱ እንደሚያዳልጥ ነግራት ተመለሰች።

የመጨረሻው ንባብ የተደረገው ኅዳር ሃያ ስድስት ቀን በጽሕፈት ቤቱ አዳራሽ ነው። እንዲህ ያለው ንባብ ለሕዝብ ክፍት ቢሆንም አብዛኛውን ጊዜ ከአመልካቹና ጽሕፈት ቤቱ ከሚያስቀምጣቸው ሦስት ምስክሮች በቀር ማንም አይመጣም። በዚያን ቀን ሮቤል ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ረውዳ ከኋላ ከእህቷ ጋር መጥታለች። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ቃልአብ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ አንድ እምቢታ እንዳለ፣ ጽሕፈት ቤቱ ግን አሥራ ስምንቱን ፈቃድ መዝኖ ስረዛውን እንዳጸደቀ አነበበ። ከዚያ ለኤልዳና ምልክት ሰጣት።

ቆማ ጀመረች። ድምፅዋ እንደ ሁልጊዜው ነበር። ሽታው፣ ፌዙ፣ አምስቱ የሚስቁ ፊቶች አለፉ። አሥራ ሦስተኛውም አለፈ። ወደ አሥራ አራተኛው ስትደርስ አንገቷን ቀና አደረገች።

«የሚቀጥለው መልእክት የእናቴ ነው» አለች።

ቃልአብ ከወረቀቱ ላይ ዓይኑን አነሣ።

«ሄርሜላ እናቴ ናት፤ ወራሿ እኔ ነኝ። ዘመዴ መሆኗን ደብቄ ፋይሉን ይዤ ቆይቻለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ፈርሜም ነበር። እስከ መጨረሻው ንባብ ፈቃድን ማንሣት ስለሚፈቀድ አሁን ፈቃዴን አንሥቻለሁ። አይሰረዝ።»

«ወይዘሮ ኤልዳና፣ የሚሉትን ያውቁታል?» አለ ቃልአብ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አንቱ ብሏት አያውቅም ነበር።

«አውቀዋለሁ።»

«ልጅ አለሽ እኮ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አለችኝ።»

ቃልአብ ሁለት እምቢታ ብሎ መዘገበና ፋይሉን ዘጋ። ደንቡ ስረዛው ከተቋረጠ ንባቡም ይቋረጣል ስለሚል፣ ቀሪዎቹ አሥራ ሦስት መልእክቶች በዚያ አዳራሽ አልተነበቡም።

ሮቤል ደረጃው ላይ ጠበቃት። ተቆጥቷል ብላ ገምታ ነበር፤ ፊቱ ላይ ያየችው ግን ድካም ነው።

«ምን ጥቅም አገኘሽ?» አላት። «የሞተ አይነሣ። አንቺም ከሥራሽ ልትባረሪ፣ ልጅሽም እንደ እኔዋ ልትወድቅ።»

«እውነትዎን ነው።»

«ታዲያ?»

አብረው ሁለት ደረጃ ወረዱ። ሽማግሌው የብረቱን ድጋፍ ያዘና ቆመ።

«አልመረመርኩትም» አለ። «የመመርመሪያው መድኃኒት ካለቀ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። ጠይቄ አልላኩልኝም። ቦኖው ሲዘጋ የሚመጣውን ጩኸት ፈራሁ። ሰው ይረጋጋ ብዬ መርምሬዋለሁ አልኩ። ለሚስቴ እንኳ አልነገርኳትም።»

«ለእኔ ለምን ይነግሩኛል?»

«ለማን ልንገር? አንቺ ያነበብሽው እኮ ውሸቴን ነው።»

ኤልዳና ክንዱን ይዛ እስከ ታችኛው ደረጃ አደረሰችው።

በሳምንቱ ከሥራ ተሰናበተች። የኖላዊት ንባብ ሲወጣ ከሚፈለገው በአሥራ አንድ ነጥብ አነሰ። ልጅቷ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ «አያቴ የጻፈችው ለእኔ ምኔ ነው? እኔ ምን አደረግሁ?» አለች። ኤልዳና ስለ ሰባት ወሩ ውሃ ነገረቻት። ኖላዊት ሰማቻት፤ ይቅር ግን አላለቻትም፣ ቢያንስ በዚያ ወር። በመስኖ አትክልት የሚያለማ ድርጅት ልጅቷን ዘር መራጭ አድርጎ ቀጠራት፤ ለዘር መራጭ ንባብ አይጠየቅም። ጠዋት ጠዋት አንድ ምሳ ዕቃ ለሁለት እየሞሉ፣ ብዙ ሳይነጋገሩ አብረው ይወጡ ነበር። ኤልዳና ከገበያው አጠገብ በአንድ የልብስ ስፌት ቤት ቁልፍ መትከል ጀምራለች።

በየካቲት አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አንዲት ወጣት በሩን አንኳኳች። ረጅም፣ አንገቷ የቀጠነ ነበረች፤ ኤልዳና ስሟን ሳትነግራት አወቀቻት።

«ቢታንያ እባላለሁ» አለች ልጅቷ። ግቢ ስትባል አልገባችም፤ ደጃፉ ላይ ቆማ ቀረች። «ልሳደብ ነበር የመጣሁት። መንገድ ላይ ስመጣ የምሰድብሽን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር።»

«ተናገሪ። እሰማሻለሁ።»

ቢታንያ ከንፈሯን ነከሰች። «ቁጥሬን ነው የሰጡኝ። ቁጥር ብቻ። አያቴን ምን ብለህ ነው ስለው ያለቅሳል። አባቴ አርፈሽ ተቀመጪ ይለኛል። በምን እንደወደቅሁ እስከዛሬ ቃሉን ያነበበልኝ ሰው የለም።»

«አሁን ማንበብ አይፈቀድልኝም። ሰሌዳዬንም ተቀብለውኛል።»

«በቃልሽ ታውቂዋለሽ ብለውኛል።»

ኤልዳና ሁለት ወንበር ወደ ደጁ አወጣች። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ያነበበችውን፣ ከረውዳ ሰላምታ ጀምራ፣ አንዲት ቃል ሳትጨምርና ሳትቀንስ አለችላት። ድምፅዋ ግን በዚህ ጊዜ እንደ ደንቡ አልነበረም፤ ልታስተካክለውም አልሞከረችም። ቢታንያ አያቷ ጋ ሲደርስ አልተንቀሳቀሰችም። «ተኝታለች» የሚለው ጋ ሲደርስ በሁለት እጆቿ አፏን ያዘች።

ከዚያ እጆቿን አውርዳ «እናትየዋ አለች?» ብላ ጠየቀች።

«አለች።»

«የት ነው ቤቷ?»

«ስድስት ቁጥርን አልፈሽ አቀበቱ ላይ። አረንጓዴ በር ነው።»

«ነይ አብረን እንሂድ። ብቻዬን ምን እላታለሁ?»

«አልሄድም» አለች ኤልዳና። «እኔ አብሬሽ ከመጣሁ ሥራ ይመስላል። ብቻሽን ሂጂ። ምንም ባትያትም ቁጭ በይ፤ እሷ ትናገራለች።»

ቢታንያ ተነሣች፣ ቀሚሷን አራገፈችና ደህና ሁኚ ሳትል ወጣች። ኤልዳና ወንበሮቹን ሳታስገባ በአጥሩ በኩል ተመለከተቻት። ልጅቷ መንታ መንገዱ ጋ ስትደርስ ቆመች። የታችኛው መንገድ ወደ አያቷ ቤት ይወስዳል። ሁለት ባጃጆች አጠገቧ መጥተው ቀስ አሉ፤ አልተሳፈረችም፤ አልፈዋት ሄዱ። ከዚያ ነጠላዋን አጣፋችና አቀበቱን በእግሯ ጀመረችው።